ከእልልታው ሥር የቀረው ግጥም

ትእዛዙን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው የዘይት ሽታ ነው። የወንድሙ ሚስት ትርፌ የስፌት መኪናዋን የምትቀባው ዘይት ነበር፤ መኪናው ግን ከነሽፋኑ ጥጉ ላይ ቆሟል። ታላቅ ወንድሙ ካሤ መደቡ ላይ ተቀምጦ የአባታቸውን ምንሽር ጭኑ ላይ አጋድሞ በአሮጌ ጨርቅ ይወለውላል። ያ ጠመንጃ ከተሰቀለበት ምስማር ሲወርድ ትእዛዙ አይቶ አያውቅም። ትርፌ ለበዓል ግድግዳውን ስትቀባ እንኳ ዙሪያውን ትቀባለች እንጂ አታወርደውም ነበር። ስለዚህ አሁን በነጩ ግድግዳ ላይ የጠመንጃ ቅርጽ ያለው አሮጌ ሰማያዊ ቀለም ተጋልጦ ይታያል። ትእዛዙ አልጋው ላይ እንደተጋደመ ያንን ሰማያዊ ቅርጽ ሲያይ ቆየ። ካሤ ቀና ሳይል፣ «ዝጓል» አለ። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ገና ፊቱን ሳይታጠብ አያ ዓለምብርሃን ገቡ። የደም አድራቂዎቹ ሽማግሌዎች አለቃ እርሳቸው ናቸው። የትእዛዙን አባት በእርሻ ወሰን ጠብ የገደለው ወንዳወቅ እስሩን ጨርሶ ከተመለሰ ወዲህ፣ ሽማግሌዎቹ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲመላለሱ ከርመው በመጨረሻ ለነገ ቀን ቆርጠዋል። ነገ ጠዋት ወንዳወቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ካሤ ድንጋዩን ከትከሻው ያወርድለታል፤ የሁለቱ ቤተሰብ ደም ይደርቃል። ነገሩ የተያዘው እንዲህ ነበር። አሁን ግን ሽማግሌው የቀረበላቸውን በርጩማ በእግራቸው ገፋ አድርገው ቆመው ቀሩ። ትእዛዙ ከመጋረጃው ጀርባ ጫማውን እያሰረ ይሰማል።

«የወንዳወቅ ልጆች ልከውብኛል» አሉ። «ባዶ እጃችንን አንመጣም ይላሉ። አክስታችሁ በደግሰው ልጅ ሠርግ ላይ የገጠመችውን ሰምተዋል።»

«እኔ ግጠሚ አላልኳትም።»

«አላልክም። ስምህን ጠርታ ግን ገጥማለች። አሁን ደግሞ አንተ ይህንን ስትወለውል ማን እንደሚያይህ አላውቅም።»

«ዝጎ ነው አያ።»

«ዝገቱ ዛሬ ነው የታየህ?»

ካሤ ጨርቁን አገላብጦ መወልወሉን ቀጠለ። ትርፌ ለነገው ድግስ ከጎረቤት የተዋሰችውን ትልቅ ድስት እያጠበች ከጓዳ ድምፅዋን አሰማች። «አክስታቸውስ? የሟቹ እህት አይደለችም እንዴ? ነገ አትጠራም?»

«እንዳታደርጊው!» አሉ ሽማግሌው። «እርሷ ከመጣች ሙሾ ታወርዳለች፣ ሙሾ ከወረደ ወንዶቹ ይነሣሉ። ደሙ ከደረቀ በኋላ ትስማ።»

ትእዛዙ ካሤ አንድ ነገር እስኪል ጠበቀ። አክስታቸው አገኘሁሽ የሟቹ ብቸኛ እህት ናት። እናታቸው አባታቸውን ተከትላ ስትሞት ካሤን በእጇ ይዛ፣ ትእዛዙን አዝላ ወደ ቤቷ የወሰደቻቸው እርሷ ናት። ወደ አምደወርቅ በሚወስደው መንገድ ባለችው ትንሽ ቤቷ ሆና ያላትን ፍየል እየሸጠች አሳደገቻቸው። ሠርግ ላይ መዝፈንም የጀመረችው ያኔ ነው፤ ለዘፋኝ የሚሰጠውን ምግብ በኩታዋ ጠቅልላ ታመጣላቸው ነበር። ካሤ ይህንን ሁሉ ከትእዛዙ የበለጠ ያውቃል። ነገር ግን ጨርቁን ዘይት ነክሮ ወደ ጠመንጃው ተመለሰ። ትእዛዙ ቁርሱን ሳይበላ በጓሮ በር ወጣ።

ሥራ ቦታው ከስልክ መጠገኛ ሱቅ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋ በእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለብጧል፤ በሩ ላይ ድምፅ እንዳያስገባ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። መስኮት የላትም። ባለቤቱ ባንተአምላክ ፊት ለፊት ስልክ ይጠግናል፣ ሠርግ ሲኖር ሞንታርቦውንና ጄነሬተሩን ይዞ ይሄዳል፤ የቀረጸውን ድምፅ የሚያስተካክለው ትእዛዙ ነው። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ቢያቋርጥም ለዚህ ሥራ ጆሮው ይበቃዋል። ከሰው ጋር ብዙ ማውራት ስለማያስፈልግም ሥራውን ይወደዋል።

«መጣህ? ደግሰው ዛሬ የልጁን ሠርግ ሊሰማ ይመጣል» አለው ባንተአምላክ፣ አንድ የተፈታ ስልክ ላይ እንዳቀረቀረ። «የአገኘሁሽ ድምፅ ጎልቶ ካልወጣ አልረከብም ብሏል። አክስትህ አይደለች? ለዘመድ ስትሆን ደግሞ እጅህ ይዘረጋል።»

«አንተ ምን እንደገጠመች ሰምተሃል?»

«እኔ? ያ ጄነሬተር ሲያስነጥስ እርሱን ታቅፌ ነው ያመሸሁት። ሠርጉን ያየሁት በጭስ ውስጥ ነው። ምነው?»

«ምንም» አለ ትእዛዙና ብርድ ልብሱን ገልጦ ገባ።

ቅጂው ሁለት ነው። አንደኛው አክስቱ በያዘችው ማይክ በኩል የገባ ሲሆን ሁለተኛው ከዳሱ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለው ማይክ የያዘው ነው፤ ከበሮው፣ ማሲንቆው፣ ጭብጨባውና የሰው ጩኸት በእርሱ ላይ ነው ያለው። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያሰማቸው የአክስቱ ድምፅ ጎርፍ ውስጥ እንደገባ ሰው ብቅ ይልና ይሰወራል። ባንተአምላክ መጀመሪያ ያስተማረው ነገር ይህ ነው፦ ድምፅ አልሰማ ሲል አታስጩኸው፣ ቦታ ልቀቅለት። ከበሮው ከታች፣ ወፍራሙ ጋ ይቀመጣል፤ እርሱ ችግር የለውም። ማሲንቆ ግን የሴት ድምፅ የሚቀመጥበት መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት በሚለየው ኢኩላይዘር ማሲንቆውን እዚያው ቦታ ላይ ብቻ ጎደል ታደርገዋለህ፤ ማሲንቆው አይጠፋም፣ ፈቀቅ ይላል። ከዚያ ከዘፋኟ ድምፅ ሥር የጄነሬተሩን ጉርምርምታ ትቆርጣለህ፤ ቃሉ እንዲለይ ከላይ ትንሽ ታነሣላታለህ። ትንሽ ብቻ። ከበዛ ጆሮ ይወጋል።

ሥራውን እንደ ሁልጊዜው ጀመረ። ማሲንቆው ፈቀቅ ሲል የአክስቱ ድምፅ ወደ ፊት መጣ። ሙሽራውን አመሰገነች፣ የሙሽራዋን እናት አሾፈችባት፣ ሰው ሳቀ። ከዚያ ከበሮው ለአፍታ ቀዝቀዝ አለና «ካሤ ሆይ!» ብላ ተጣራች። ትእዛዙ እጁን ከኮምፒዩተሩ መዳፊት ላይ አነሣ። ማዳመጫው ጆሮው ላይ ስለሆነ ከጀርባው ቆማ የጠራች መሰለው።

ያባትህ ጠመንጃ ሸረሪት አደራ፣
ገዳዩ በደጅህ ያልፋል እያቅራራ።

ወዲያው ዳሱ ተናወጠ። ወንዶች ፎከሩ፣ ሴቶች እልል አሉ፣ ከበሮው ጦዘ። ትእዛዙ ማዳመጫውን አውልቆ አንገቱ ላይ አደረገው። ሰው «ሰደበችህ» ሲለው ካሤ በወሬ ነበር የሰማው፤ በወሬ ሰምቶ ጠመንጃ አወረደ። በእርሷ ድምፅ፣ ቃሉ እንዲህ እየተለየ ቢሰማው ምን ያደርጋል? ትእዛዙ የአባቱን ፊት አያስታውስም። ካሤ ከሞተ ግን ፊቱ የማይረሳው ሰው ነው የሚሞትበት። ደግሞም ወንዳወቅ ልጆች አሉት፤ ከካሤ በኋላ ቀጣዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ ሽማግሌ አያስፈልግም።

ቀስ ብሎ ያደረገውን ሁሉ ገለበጠው። በዚያች ግጥም ላይ ብቻ የአክስቱን ድምፅ ቃል ከሚለይበት ቦታ ቆረጠው፤ ማሲንቆውን መልሶ መቀመጫው ላይ አስቀመጠው፤ ከበሮውን አነሣው። ደግሞ አሰማው። ድምፅዋ አለ፣ ግን እንደታፈነ ሰው ነው፤ አንዲት ሴት ከግድግዳ ማዶ የምትናገር ይመስላል። ምን እንዳለች ማንም አይለይም። ለአፍታ እፎይ አለ። ከዚያ ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ የሰማው ነገር ትዝ አለው፤ «ከደረቀ በኋላ ትስማ»። ልቡ ደስ አላለውም፤ ቢሆንም ፍርሃቱ ስለበለጠ አልመለሰውም።

ደግሰው እኩለ ቀን ላይ መጣ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ ክፍሏ ውስጥ ሲገባ ካርቶኖቹ ወደ ውስጥ የተጠጉ መሰለ። በሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች መካከል ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ እየነቀነቀ አዳመጠ። የሙሽራዋ እናት ስትታማ ከት ብሎ ሳቀ። «ካሤ ሆይ!» ከሚለው በኋላ ግን ዓይኑን ገለጠ።

«የታለች?»

«እዚያ ላይ... ከበሮው ከፍ ብሏል» አለ ትእዛዙ።

«ከበሮውን እኔም ሰምቼዋለሁ! ሠርጌን ሠርግ ያደረገችው እኮ ይህቺ ግጥም ናት። አንተ ባንተአምላክ! ልጁ ምሳውን አልበላም መሰለኝ፣ ዘፋኟን ውጧታል!»

ባንተአምላክ ከወዲያ፣ «ማሲንቆ መቺው ዘመዱ ይሆናል!» ብሎ ሳቀ።

ደግሰው አልሳቀም። የትእዛዙን ፊት አየና ማን መሆኑን ያስታወሰ መሰለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አዬ ልጄ፣ ገባኝ። ግን ምን ይጠቅምሃል?» ስልኩን ከኪሱ አወጣና ነካ ነካ አደረገው። ከስልኩ ያው ዳስ፣ ያው «ካሤ ሆይ!»፣ ያው ሁለት መስመር ወጣ፤ ከዚያ ፉከራና እልልታ፤ ከዚያ ተቆረጠ። «ወንድሜ በስልኩ ያዛት። ፃግብጂ ደርሳለች፣ ሰሃላም እንኳ ሰው በሜሞሪ ካርድ ተሸክሞ ወስዷታል። የተናገርከውን ትቀብራለህ እንጂ የተዘፈነውን ምኑን ትቀብረዋለህ? ማታ ላይ እመለሳለሁ። ዘፈኔን ሠርተህ ጠብቀኝ።»

ሲወጣ ክፍሏ ሰፋች። ትእዛዙ ፊት ያለው ሥራ ግን ከንቱ ነበር። የፈራው ግጥም ስንት ደጋ አቋርጦ ሄዷል። የወንዳወቅ ልጆች ያቺን የተቆረጠች ቁራጭ እየደጋገሙ ሲሰሙ፣ ጠመንጃቸውን ሲያወጡ ታየው። ነገ በዚያ ግቢ ውስጥ ሁለት ወገን ታጥቆ ይቆማል፤ አንድ ሰው ቢያስነጥስ ይበቃል።

ሌላ የሚያደርገው ስለሌለ መጀመሪያ ወደ ነበረው መለሰው። ማሲንቆውን ፈቀቅ አደረገ፣ ድምፅዋን አወጣ። ግጥሟ አልፋ እልልታው ሲጀምር ሊያቆመው ፈለገና አንድ ነገር አስተዋለ። የአክስቱ ማይክ አልተዘጋም ነበር። ከእልልታው ሥር ትንፋሽዋ አለ፤ ትንፋሹም ባዶ አይደለም፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። ትእዛዙ እርሷ ስትዘፍን ጀርባዋ ላይ ተኝቶ ያደገ ልጅ ነው። ያ ትንፋሽ ግጥም መሆኑን ቃሉን ሳይሰማ አወቀው።

እልልታ ቀጭን ቦታ ላይ ነው የሚጮኸው። ትእዛዙ ቦታውን እስኪያገኘው ጠባብ ቁራጭ እያደረገ ወዲያና ወዲህ ገፋው፤ ሲያገኘው ጫን ብሎ አጎደለው። ፉከራው ወረደ። ከዚያ ጭብጨባውን። ከዚያ ድምፅዋን ከሥሩ አጸዳና ከላይ አነሣ፤ ጆሮ ይወጋል፣ ይውጋ። ደግሞ፣ ደግሞ አሰማው። መጀመሪያ «ማታ» የምትል ቃል ወጣች። ቀጥሎ «እህቱን»። ባንተአምላክ ሻይ ይዞ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው አልሰማውም። ሻዩ ቀዝቅዞ ገፈት ሲሠራ ሁለቱ መስመሮች ሙሉ ሆነው ወጡ።

ደም ልታደርቁ ነው ተማክራችሁ ማታ፣
እህቱን ሳትጠሩ ምን ይሏል ይቅርታ።

በመጨረሻው ቃል ላይ ድምፅዋ ተሰንጥቋል። ከዚያ ማይኩን ለሌላ ሰው ስትሰጥ ይሰማል።

አሁን የመጣበት ፍርሃት ሌላ ዓይነት ነበር፤ የቅድሙ የሚያስቀምጥ ነው፣ ይህኛው ተነሥ ይላል። ሁለተኛዋን ብቻ ቆርጦ ለካሤ ማሰማት ይችላል፤ ግን ካሤ «የመጀመሪያውን ለምን ደበቅከኝ?» ቢለው? የወንዳወቅ ልጆችም «ኮምፒዩተር ላይ የተሠራ ነው» ቢሉ? እንደነበረ ሙሉውን ማሰማት ይኖርበታል፤ የመጀመሪያዋንም፣ ከበሮውንም፣ ፉከራውንም። ከእልልታው ያጎደለውን ጥቂት መለሰ፤ ዳሱ ዳስ እስኪመስል፣ እርሷ ግን እንድትሰማ። ከዚያ ወጣ።

የካሤ ማር ሱቅ ከገበያው ዳር ናት። ንቦች ከቆርቆሮ ጣሳዎቹ አፍ ላይ ይርመሰመሳሉ፤ ካሤ በመካከላቸው ቁጭ ብሏል። ጠመንጃው በጋቢ ተጠቅልሎ ከጀርባው ተደግፏል። ትእዛዙ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር በሩ ላይ ጠፋበት።

«ጋሼ፣ ና ስማ» አለ።

«ምኑን?»

«አክስቴን።»

ካሤ አንዲት ንብ ከጣሳው አፍ ላይ አባረረ። «ያልሰማ አለ እንዴ? ዛሬ ብቻ ከአምስት ደንበኛ ሰማሁት።»

«አልሰሙትም። ማንም አልሰማውም። ና።» ለታላቅ ወንድሙ እንደዚህ ተናግሮ አያውቅም፤ ራሱም ደነገጠ። ካሤ አተኩሮ አየው፣ ከዚያ ጋቢውን ከነጠመንጃው አንሥቶ ተከተለው።

ካሤ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀመጠና ጥቅሉን ጭኑ ላይ አጋደመ። ትእዛዙ ማዳመጫውን አጠለቀለት። ከዚያ በኋላ እርሱ ራሱ ምንም አልሰማም፤ የሚያየው የወንድሙን እጅ ብቻ ነው። የሙሽራው ምስጋና ላይ እጁ ዝም አለ። «ካሤ ሆይ!» የሚለው ቦታ ሲደርስ ጣቶቹ ተነሡ። በመጀመሪያዋ ግጥም ላይ ጋቢውን ጨምድደው ያዙ፤ በጋቢው ውስጥ የብረቱ ቅርጽ ተለየ። የካሤ ግንባር ላይ ደም ሥሩ ቆመ። ትእዛዙ ማዳመጫውን ነጥቆ መሮጥ ፈለገ። ከዚያ እልልታው የሚመጣበት ጊዜ መጣ፣ አለፈ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ።

«ድገመው» አለ ካሤ፣ ማዳመጫ ያጠለቀ ሰው እንደሚናገረው ጮክ ብሎ።

ደገመው። ሦስተኛ ጊዜ ግን አላስፈለገም። ካሤ ማዳመጫውን አውልቆ ስልኩን አወጣ። ጆሮ ላይ የሚያሰማው ክፍል ከተበላሸ ቆይቷል፤ ስለዚህ ድምፁን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ብዙ ጠራ። ሲነሣ መጀመሪያ የተሰማው የዶሮ ጩኸት ነው።

«አክስቴ፣ ካሤ ነኝ።»

ትእዛዙ ትንፋሽዋን ሰማ፤ በዚህኛው ላይ የሚቆረጥ ነገር አልነበረም።

«ነገ የአባቴን ደም ልናደርቅ ነው። ሳንነግርሽ ነው የተማከርነው። ይኸው ነገርኩሽ።»

«ማን ንገራት አለህ?»

«አንቺው። ሠርጉ ላይ።»

«ሠርጉ ላይ ማንም አልሰማኝም።»

«ትእዛዙ ሰማሽ።»

ካሤ አቀረቀረ። «መጀመሪያ ያልሽውን ግን ለምን አልሽው? ነገ ሰው ልታስጨርሺ ነበር።»

«ጸጥ እንዲሉልኝ ነዋ!» አለች አገኘሁሽ። «ደም ሲጠራ ሰው ጸጥ ይላል ብዬ። እነርሱ ጮኹ። በጩኸታቸው ላይ ልውጣ ብል አቃተኝ፤ አርጅቻለሁ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «የት ነው የምታስቀምጡኝ?»

«የት ይሁን?»

«ከወንዳወቅ ፊት ለፊት። ድንጋዩን ስታወርድለት ፊቱን ማየት አለብኝ። ሙሾ አላወርድም፤ ለዓለምብርሃን እንዲህ ብላለች በለው። ያንን የአባትህን ጠመንጃ ደግሞ ከምስማሩ እንዳትነካው።»

ካሤ ጭኑ ላይ ያለውን ጥቅል ተመለከተ። «እሺ» አለ።

ስልኩ ሲዘጋ ካሤ ዘፈኑን እንዲጭንለት ጠየቀ፤ አያ ዓለምብርሃን ሳይመሽ ለወንዳወቅ ልጆች ወስደው ያሰሙታል። «ያምኑ ይሆን?» አለ ትእዛዙ። ካሤ «አላውቅም» አለ። ከዚያ ጋቢውን ከነጠመንጃው አንሥቶ በወንድሙ እጅ ላይ አስቀመጠ። «ወስደህ ስቀለው። እኔ ሽማግሌውን ላግኝ።»

ክብደቱ ትእዛዙ ከገመተው በላይ ነበር። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ባጃጆች ይመላለሳሉ፣ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት እየወጡ ነው፤ የሚያየው ሁሉ በጋቢው ውስጥ ያለውን የሚያውቅ መሰለው። ከአንድ ሱቅ ውስጥ ያቺ የተቆረጠች ቁራጭ ከስልክ ስትጮኽ ሰማ፤ «ካሤ ሆይ!»፣ ሁለት መስመር፣ እልልታ፣ ጸጥታ። ሳይሮጥ ለመራመድ ጥርሱን ነከሰ። ቤት ሲደርስ ትርፌ ድስቶቹን ደጅ ላይ ደፍታ ታደርቃለች። ጥቅሉን አየች፣ ፊቱን አየች፣ መንገድ ለቀቀችለት።

«አክስቴ ነገ ትመጣለች» አላት።

ትርፌ ገብታ ጓዳ ያለውን ደህናውን ወንበር አወጣችና አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግ ጀመር።

ትእዛዙ አልጋው ላይ ወጥቶ ጠመንጃውን ከምስማሩ ላይ ሰቀለው። ስለከበደው ዘንበል ብሎ ተሰቀለ፤ ከሥሩ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ቀረ። ሊያቃናው እጁን ዘረጋና መልሶ ተወው። ከአልጋው ወርዶ ደጁ ላይ ተቀመጠ፤ ከሽማግሌው ወገን የሚመጣ ሰው ይኖር እንደሆነ ወደ መንገዱ እያየ፣ መዳፉን አንዴ እያሸተተ፣ አንዴ በሱሪው ላይ እየጠረገ። ዘይቱ አልለቅ ብሎታል።